ለትንሽ ቤተሰብ የትኛው ቤት ይበጃል?

ሰው ጫማ ሲገዛ እግሩን አግብቶ፥ ሁለት ሦስት እርምጃ ተራምዶ፥ «ይጠበኛል» ወይም «ይሰፋኛል» ብሎ ይመልሳል። በሬ የሚገዛ ገበሬም ጥርሱን ሳያይ፥ ጫንቃውን ሳይዳስስና አስነድቶ ሳይመለከት ገንዘቡን አይቆጥርም። በአዲስ አበባ ከተማ ግን የሃያ ዓመት ደመወዙን የሚከፍልበትን አፓርታማ ለመግዛት የተነሣ ሰው፥ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከደላላ ጋር ገብቶ፥ ሳሎኑን በዓይኑ ለክቶ፥ በረንዳው ላይ ጥቂት ቆሞ «አየሩ ደስ ይላል» ብሎ ሲወጣና በማግሥቱ ቀብድ ሲከፍል እናያለን። ይህን የሚያደርጉት ደግሞ የተማሩ፥ በየመሥሪያ ቤታቸው የአንድ ሺህ ብር ወጪ ያለ ሦስት ፊርማ የማያሳልፉ ሰዎች መሆናቸው ነገሩን የበለጠ አስገራሚ ያደርገዋል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ስለዚህ ጉዳይ እንዲጽፍ ያነሣሣው በገዛ ቤተሰቡ የደረሰ ነገር ነው። ታላቅ ወንድሜ የባንክ ሠራተኛ ነው፤ ሚስቱ በሆስፒታል ነርስ ናት፤ ሁለት ዓመት ያልሞላት አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። ከተጋቡ ወዲህ ሦስት ጊዜ ኪራይ ቤት ለውጠዋል። አሁን ባንኩ ለሠራተኞቹ የሚሰጠው የቤት መግዣ ብድር ተራው ደርሶታል። ብድሩ ብቻውን ስለማይበቃም እናታችን ለዓመታት በዕቁብ ያጠራቀመችው ገንዘብ ተጨምሮበታል። እንግዲህ ስሕተት ቢደርስ ጉዳቱ በአንድ ጎጆ ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም፤ እናታችን ያንን ገንዘብ ዳግመኛ ለማጠራቀም ዕድሜ የላትም። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ሁለት ዓመቴ ስለ ሆነና ከመጻሕፍቴ በቀር የእኔ የምለው ንብረት ስለሌለኝ፥ ድርሻዬ ሜትርና ማስታወሻ ደብተር ይዤ መከተል ሆነ። በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ቤት አየን። ያየነውን ለአንባቢዎቻችን የማቀርበው፥ ብዙዎቹ ዛሬ ወይም ነገ እዚያው ደረጃ ላይ እንደሚቆሙ ስለማውቅ ነው።

ስለ ቤቶቹ ከመናገራችን በፊት በገበያ ላይ የሚገኘው አፓርታማ ከየት እንደ መጣ ማስታወስ ይበጃል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ በኋላ፥ ኪራዩ ከመቶ ብር ያነሰው ቤት በቀበሌ፥ ከዚያ በላይ ያለው በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ገባ። እናታችን እኛን ያሳደገችው ከእነዚህ የቀበሌ ቤቶች በአንዱ ነበር፤ በሩ ከመሬት፥ ግቢው ከአምስት ጎረቤት ጋር የጋራ ነው። ከዚያም በ1996 ዓ.ም. በገርጂ በሙከራ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤት ግንባታ ኋላ በጀሞ፥ በሰሚት፥ በጎተራ፥ በልደታ፥ በየካ አባዶ፥ በቱሉ ዲምቱ፥ በኮዬ ፈጬና በሌሎችም ቦታዎች ተስፋፋ፤ «ኮንዶሚኒየም» የሚለውም ቃል የቤት ሠራተኛዋም ሚኒስትሩም እኩል የሚናገሩት ቃል ሆነ። ቤቱ የሚታደለው በዕጣ ስለ ነበረ ዕድለኛው ሠፈሩን፥ ፎቁንም ሆነ ጎረቤቱን አይመርጥም ነበር። ይህ ልማድ ሳይታወቀን በገዢውም ላይ የቀረ ይመስለኛል። በገዛ ገንዘቡ የሚገዛው ሰው እንኳ ቤቱን መርምሮ የሚወስደው ዕቃ አድርጎ አያየውም፤ እንደ ዕጣ «ወጣልኝ» ይላል።

የመጀመሪያው ቤት በቱሉ ዲምቱ የሚገኝ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ነበር፤ ሦስተኛ ፎቅ። ሳሎኑ ሰፊ፥ ግድግዳው አዲስ የተቀባ፥ ዋጋውም ከሦስቱ ዝቅተኛው ነው። የወንድሜ ሚስት ገብታ ዞር ዞር ስትል ፊቷ ሲበራ አይቻለሁ። በሦስት ኪራይ ቤት የተንከራተተ ሰው የራሱ የሚሆን ባዶ ክፍል ሲያይ ምን እንደሚሰማው የሚያውቅ አይፈርድባትም። «እዚህ የእንግዳ አልጋ ይገባል፤ እዚያ ደግሞ ብፌው» ትል ጀመር። ወንድሜም ስለ ቀብዱ ከደላላው ጋር ሊነጋገር ሲል፥ «ጋሼ፥ እባክህ አንድ የሥራ ቀን ከዚህ ተነሥተን ወደ ሥራ እንግባና ከዚያ በኋላ ትከፍላለህ» አልኩት። ሳቀብኝ፤ ነገር ግን እሺ አለ።

አንድ ሰኞ ማታ እዚያው አካባቢ ከሚኖር የሥራ ጓደኛው ቤት አደርን። ማክሰኞ ጠዋት ልክ በ12 ሰዓት ከበሩ ወጣን። ለመጀመሪያው ታክሲ ተሰለፍን፤ ወርደን ለሁለተኛው ተሰለፍን፤ ሜክሲኮ አደባባይ ስንደርስ 1 ሰዓት ከ50 ሆኖ ነበር። መንገዱ ሃያ ኪሎሜትር ያህል ነው፤ ነገር ግን የከተማ ነዋሪ መንገዱን የሚከፍለው በኪሎሜትር ሳይሆን በሰዓት ነው። የማታው መመለሻ ከዚያ አይሻልም። ደርሶ መልሱን ሦስት ሰዓት ተኩል ብናደርገው፥ ከመካከል ከተማ ከሚገኝ ቤት በእግር ቢመላለሱ ከሚጠፋው አንድ ሰዓት ጋር ልዩነቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። በዓመት 250 የሥራ ቀን ብንቆጥር 625 ሰዓት ይሆናል፤ ይህም በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ሲመነዘር 78 ቀን ነው። ባልና ሚስት ሁለቱም ይከፍሉታል። ሕፃኗ የምትነቃው አባቷ ከወጣ በኋላ ነው፤ የምትተኛውም እናቷ ከመመለሷ በፊት ነው። የወንድሜ ሚስት የሌሊት ተረኛ በምትሆንበት ሳምንትማ በምን እንደምትመጣ የነገረን ሰው አልነበረም።

ይህን ስል ቱሉ ዲምቱን ለመንቀፍ አይደለም። በዚያው አቅጣጫ በአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ወይም በአቃቂ ፋብሪካ የሚሠራ ሰው ያንን ቤት ቢገዛ መልካም አደረገ እላለሁ። ጥያቄው ማን ይኖርበታል የሚለው ነው። ደላላው ይህን ጥያቄ አንድ ጊዜም አልጠየቀንም።

ሁለተኛው ቤት በልደታ፥ አሮጌው ሠፈር ፈርሶ ከተሠሩት ሕንፃዎች በአንዱ፥ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚገኝ ባለ አንድ መኝታ ነበር። በሜትር ስለካው ከውስጥ 38 ካሬ ሜትር ሆነ። ለወንድሜ መሥሪያ ቤት የእግር መንገድ ነው፤ ለሆስፒታሉም በአንድ ታክሲ ይደረሳል። በዚህ ቤት የተማርነው ግን ስለ ርቀት አልነበረም። እዚህ ያስተማረችን አንዲት በደረጃው ላይ ባዶ ጀሪካን ይዛ የምትወርድ ጎረቤት ናት።

«ውሃ እንዴት ነው?» ብለን ደላላውን ስንጠይቀው «ችግር የለም፤ ሮቶ አለ» ብሎን ነበር። ሴትየዋ ግን እንዲህ አለችን፦ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ በተራው ቀንም ግፊቱ እስከ ሁለተኛ ፎቅ እንጂ ከዚያ በላይ አይወጣም፤ የሕንፃው ማኅበር የገዛው ፓምፕ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ማሠሪያው ገንዘብ እንዳይዋጣ የታችኞቹ ፎቅ ነዋሪዎች «እኛ ውሃ አለን» ብለው እምቢ ብለዋል። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከደላላው በአንድ ሳምንት የማናገኘውን ነገርን። እኔም ከምድር እስከ በሩ ደረጃውን ቆጠርኩ፤ 72 ነው። ሃያ ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሃያ ኪሎ ይመዝናል። ሕፃን ያለበት ቤት፥ የሕፃን ልብስ በየቀኑ የሚታጠብበት ቤት፥ በቀን አራት ጀሪካን አይበቃውም ብንል እንኳ፥ አንድ ሰው ሰማንያ ኪሎ ተሸክሞ 288 ደረጃ በየቀኑ ይወጣል ማለት ነው። ያ ሰው ማን እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ገዢው አይደለም።

እዚህ ላይ ከጉዳዩ ጥቂት ወጣ ብዬ አንድ ነገር ልናገር። «ትንሽ ቤተሰብ» ስንል አባት፥ እናትና አንድ ልጅ ብለን ሦስት እንቆጥራለን። በአዲስ አበባ ግን ባልና ሚስት ሁለቱም ሥራ በሚውሉበት ቤት አራተኛ ሰው አለች፤ ልጁን የምትይዝ፥ ውሃውን የምታወጣ፥ እንጀራውን የምትጋግር የቤት ሠራተኛ። በየሽያጭ ቢሮው በተሰጠን የቤት ፕላን ሁሉ ላይ የብፌው ቦታ ተሥሏል፤ የእርሷ አልጋ ግን በአንዱም ላይ አልተሣለም። ማታ ማታ በሳሎኑ ወለል ላይ ወይም በማድ ቤቱ ፍራሽ ታነጥፋለች፤ እንግዳ እስኪሄድ ድረስ እየጠበቀች እንቅልፍ ያንገላታታል። በዩኒቨርሲቲ ስለ ሰው ክብር ብዙ ተምረን፥ ቤት ስንመርጥ ግን ይህችን ሰው ከቁጥር የምናወጣ ወጣቶች ጥቂት አይደለንም። የወንድሜ ሚስት በዚያ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ቆማ «እርሷስ የት ትተኛለች?» ብላ ስትጠይቅ፥ ሁላችንም ዝም አልን። ከወሩ ጥያቄዎች ሁሉ የተሻለው የእርሷ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ማድ ቤቱም ሌላ ነገር አሳየን። የቀድሞው ነዋሪ የኤሌክትሪክ ምጣዱን በረንዳ ላይ አስቀምጦት ነበር፤ በማድ ቤቱ ውስጥ ቦታ የለውም፤ የእንፋሎቱም መውጫ የለም። ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ የሚስብ ዕቃ ስለ ሆነ የራሱ መስመር ሊኖረው ይገባል፤ እዚያ ግን ከቴሌቪዥኑ ጋር በአንድ ማከፋፈያ ተሰክቶ፥ ገመዱ ጠቁሮ አየን። ለበዓል በግ ማረጃና ለትልቅ ድግስ ማብሰያ ተብሎ በግቢው ውስጥ የተሠራው የጋራ ቤት ተቆልፏል። ቁልፉ ማን ዘንድ እንደሚገኝ ጠይቀን የሚያውቅ አላገኘንም። ለፋሲካ በጉ የት ይታረዳል? ሰው ቢሞት ድንኳኑ የት ይተከላል? እነዚህን ጥያቄዎች ስናነሣ ደላላው «ወንድሜ፥ ቤት ለመግዛት ነው የመጣችሁት ወይስ ለቅሶ ለመቀመጥ?» ብሎ ቀለደብን። ቀልዱ ደግ ነበር፤ ነገር ግን ሰው በቤቱ ውስጥ የሚኖረው በዓሉንም ኀዘኑንም ነው።

በዚያ ቀን እናታችንን ይዘናት ሄደን ነበር። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ ግድግዳውን ይዛ ቆመች፤ ጉልበቷን ያማታል። ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቅናት። ከዚያም ወንድሜን ቀና ብላ አይታ «ልጄ፥ ቤቱ ያምራል፤ እኔ ግን ለገናና ለፋሲካ ብቻ ነው የምመጣው» አለች። አልተቆጣችም፤ ገንዘቧንም አላነሣችም። ነገር ግን ዛሬ ሕፃኗን በሳምንት ሦስት ቀን የምትይዘው እርሷ ስለ ሆነች፥ ይህ ንግግር ከሒሳብ ሁሉ ይከብድ ነበር።

ሦስተኛው ቤት ገና የለም። በቦሌ ቡልቡላ አቅጣጫ የሚሠራ ረጅም ሕንፃ ነው ተብሎ፥ የሽያጭ ቢሮው ሄደን በመስተዋት ውስጥ የተቀመጠ አነስተኛ ሞዴል አሳዩን። ቡና ቀረበልን። ወጣቷ የሽያጭ ሠራተኛ በትሕትና ስለ አሳንሰሩ፥ ስለ ጄኔሬተሩና ስለ ልጆች መጫወቻው ነገረችን። በውሉ ላይ የተጻፈው ስፋት 95 ካሬ ሜትር ነው። የክፍሎቹን ልክ ከፕላኑ ላይ አንድ በአንድ ስደምር ግን 74 ሆነብኝ። የቀረው 21 ካሬ ሜትር የት እንደ ገባ ስጠይቅ፥ የደረጃው፥ የአሳንሰሩ፥ የኮሪደሩና የግድግዳው ድርሻ እንደ ሆነ ተነገረኝ። ይህን ማስላታቸው ብቻውን ነውር አይደለም፤ የጋራውን ክፍል ዋጋ አንድ ሰው መክፈሉ አይቀርም። ነውሩ በትልቁ የተጻፈው 95 ሆኖ 74ቱን ለማግኘት ገዢው ራሱ መደመር ማስፈለጉ ነው።

ውሉን ይዤ ሄጄ ሌሊቱን አነበብኩት። የክፍያው መጠን በውጭ ምንዛሪ ዋጋ ላይ ተመሥርቶ እንደሚስተካከል የሚናገር አንቀጽ በስምንተኛው ገጽ አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ የምንዛሪው ሥርዓት በተለወጠ ጊዜ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ እንደ ወጣ ሁላችንም እናስታውሳለን። ደመወዙን በብር የሚቀበል ሰው እንዲህ ያለውን አንቀጽ ከፈረመ፥ የቤቱን ዋጋ የሚያውቀው ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ ነው። በዚያ ላይ ቤቱ እስኪያልቅ ኪራይም ይከፍላል፤ ሁለት ቤት በአንድ ደመወዝ መሆኑ ነው። በዚህ ከተማ ገንዘባቸውን ከፍለው ቁልፍ ለመቀበል ከዓሥር ዓመት በላይ የጠበቁ ሰዎች እንዳሉ የታወቀ ነው። ሌላ መኖሪያ ያለውና ትርፍ ገንዘቡን በጊዜ ላይ ሊያስይዝ የሚችል ሰው ያልተሠራ ቤት ቢገዛ የራሱ ጉዳይ ነው። አንድ ብቻ ገንዘብ፥ እሱም የእናት ዕቁብ ያለበት፥ ያለው ትንሽ ቤተሰብ ግን ገና በሥዕል ያለ ቤት መግዛት የለበትም ብዬ ያለ ማወላወል እናገራለሁ። ወንድሜ በዚህ አሳብ አልተስማማም ነበር፤ ሁለት ሌሊት ተከራከርን።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ፤ አሰልቺ ቢሆንም ሊዘለል አይገባም። የልደታውን ቤት ሊሸጥልን የመጣው ሰው ባለቤቱ አልነበረም፤ ባለቤቲቱ አሜሪካ እንዳሉና እርሱ በውክልና እንደሚሸጥ ነገረን። በውክልና መሸጥ የተከለከለ ነገር አይደለም። ዳሩ ግን በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፥ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር፥ ወካዩ ሲሞት ውክልናው ይቀራል። ስለዚህ «ባለቤቲቱን በስልክ እናነጋግራቸው» አልን። «ባለትዳር ናቸው?» ብለንም ጠየቅን፤ በቤተሰብ ሕጋችን የባልና ሚስት የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት የሚሸጠው በሁለቱም ስምምነት ነውና። ሰውየው በመጀመሪያ «ነገ አገናኛችኋለሁ» አለ፤ በማግሥቱ «ስልካቸው አይሠራም» አለ፤ በሦስተኛው ቀን «ብዙ ፈላጊ ስላለ ካልፈጠናችሁ ለሌላ እሰጠዋለሁ» ብሎ ተቆጣ። ሰውየው አታላይ ነው አልልም፤ አላውቅም። የማያገናኘን ሰው እንዲያስፈርመን ግን አልፈቀድንም።

ሕጉ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲመዘገብ ያዝዛል። ብዙ ወጣት ይህን ያውቃል፤ ነገር ግን በደላላው ፊት በተፈረመ ወረቀት ቀብድ ከፍሎ፥ ምርመራውን ከዚያ በኋላ ይጀምራል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። ካርታው በማን ስም ነው? በቤቱ ላይ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ አለ? በ20/80 ዕጣ የተገኘ ከሆነ፥ እንዳይሸጥ የታገደበት አምስት ዓመት አልቋል? ይህ ሁሉ ብር ከኪስ ሳይወጣ በፊት በመሥሪያ ቤት መስኮት የሚጠየቅ ነገር ነው። ከዚህም ሌላ በ1995 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 370 መሠረት የጋራ ሕንፃ የባለቤቶች ማኅበር ሊኖረው ይገባል። የማኅበሩን ሊቀ መንበር ፈልጎ «በሣጥናችሁ ስንት ብር አለ? ፓምፑን መቼ አሠራችሁ?» ማለት፥ ግድግዳውን አንኳኩቶ ከማዳመጥ የበለጠ ስለ ቤቱ ይነግራል። ቤት የሚገዛ ሰው ሳያስበው የዚያን ማኅበር አባልነትም፥ ጥሉንም ይገዛል።

አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን ስነግራቸው «አንተ ቤት ሳይኖርህ ስለ ቤት ትመክራለህ» ብለው ይቀልዱብኛል፤ እውነታቸውን ነው። ከዚህ የበለጠ የሚከብድ ተቃውሞ ያቀረቡልኝም አሉ። «ትንሽ ቤተሰብ ትንሽ ሆኖ አይቀርም፤ ሁለተኛ ልጅ ይመጣል፤ ገንዘብ ዋጋውን በሚያጣበት ዘመን ትልቁን ቤት ሩቅም ቢሆን ይዞ መገኘት ይሻላል» ይላሉ። ይህ ተቃውሞ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም፤ በቱሉ ዲምቱ ወይም በየካ አባዶ ቀድሞ የገዛ ሰው ዛሬ ከሠፈሩ ጋር አድጎ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ትልቅነት ከምን ላይ እንደሚጨመር መመርመር አለበት። 3 ሚሊዮን ብር በዓመት 16 በመቶ ወለድ ለ20 ዓመት የተበደረ ሰው፥ ለምሳሌ ያህል፥ በየወሩ 41,700 ብር ያህል ይከፍላል፤ ሲጨርስ የከፈለው 10 ሚሊዮን ብር ይደርሳል። እንግዲህ ለእንግዳ ተብሎ ሳሎኑን ያሰፋ አንድ ሚሊዮን ብር፥ ሲከፈል ሦስት ሚሊዮን ሆኖ ይጠብቃል። ለሁለተኛው ልጅና ለሠራተኛዋ የሚሆን ሁለተኛ መኝታ ቤት ይህን ዋጋ ያወጣል እላለሁ። በወር አንድ ጊዜ ለሚመጣ እንግዳ የተዘረጋ ሳሎን ግን አያወጣም። እንግዳ ያከበረውን ሰው የሚያስታውሰው በቡናውና በጨዋታው ነው።

ይህን ጋዜጣ ከሚያነቡት ወጣት ሹማምንት አንዳንዶቹ በእነዚህ ጉዳዮች መስኮት ላይ የሚቀመጡ ናቸው። ለእነርሱ የማቀርበው አሳብ አጭር ነው። አንድ ዜጋ ካርታ ይዞ «ይህ ቤት ዕዳ ወይም እግድ አለበት?» ብሎ ሲጠይቅ፥ ሦስት ቢሮ ሳይዞር በዚያው ቀን በጽሑፍ መልስ ቢያገኝ፥ በደላላ እጅ የሚጠፋው የዕቁብ ገንዘብ ብዙው ይድናል። የሚሸጥ አፓርታማ ሁሉ የተጣራው የውስጥ ስፋት በውሉ መጀመሪያ ገጽ ላይ በጉልህ እንዲጻፍ ቢደረግም፥ ሜትር ይዞ የሚከተል ታናሽ ወንድም የሌለው ገዢ ይጠቀማል።

ስለ ወንድሜ መጨረሻ ለማወቅ የሚፈልጉ አንባቢዎች ይኖራሉ። ሦስቱንም ቤት ትተናቸዋል። አሁን በፊታችን ያለው አራተኛ ቤት ነው። እርሱም እዚያው ልደታ፥ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፥ ባለ ሁለት መኝታ ነው። ባለቤቲቱ አንዲት እናት ናቸው፤ በገዛ ስማቸው ካርታ ይዘው፥ የባንኩን ዕዳ ጨርሰው፥ ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ ወደ ባሕር ዳር የሚሄዱ። የሳሎኑ ቀለም ተልጧል፤ ማድ ቤቱ ጠባብ ነው፤ ምጣዱ ግን የራሱ መስመር አለው። ዋጋው ከታሰበው ይበልጣል፤ የሚበልጠውም ወንድሜ ለአሮጌ መኪና መግዣ ያስቀመጠውን ገንዘብ ያህል ነው። መሥሪያ ቤቱ በእግር የሚደረስ ከሆነ መኪናው ለምን እንደሚያስፈልገው ጠይቄው መልስ አልሰጠኝም፤ ባልደረቦቹ ሁሉ መኪና እንዳላቸው ግን አውቃለሁ። ሚስቱ ቤቱን ወዳዋለች። እርሱ ገና «እስቲ እናያለን» ይላል።

በመጪው ማክሰኞ ማታ፥ የሠፈሩ ውሃ በማይኖርበት የፈረቃ ቀን፥ ዳግመኛ ልናየው ቀጠሮ ይዘናል። ጀሪካኑን የምይዘው እኔ ነኝ። እናታችንም «36 ደረጃ ከሆነስ ልሞክረው» ብላለች።